ሎሬንሶ ስለሚባለው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ሰው ስሙና ጠባዩ ሲገጥሙለት ይህ ምሳሌ ይጠቀሳል፤ ሳይገጥሙለት ሲቀሩ ግን ማንም አያነሣውም። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት ምሳሌው በራሴ ላይ በመጠቀሱ ነው። ባለፈው ዓመት የዐድዋ በዓል በተከበረበት ሰሞን በመኝታ ክፍላችን በተነሣ ክርክር፣ አንድ ጓደኛዬ «በኢጣልያ ስም የሚጠራ ሰው ስለ ዐድዋ ሊናገር አይገባውም፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ያንተን ግን ያወጣው ጥልያን ነው» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም ዐብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ።

የተወለድሁት በአርሲ ደጋ፣ በዲክሲስ፣ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ነው። በዚያ ወር ስንዴውና ገብሱ ለምልሞ ሲታይ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አያባራም፤ ስለዚህ አያቴ ሮባ ብላ ጠራችኝ። ሮባ በኦሮምኛ ዝናብ ማለት ነው። በኋላ ከታችኛው ክፍል ጀምሬ እስከ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ወደ ተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፣ መዝገቡን የሚጽፉት ሰው የተወለድሁበትን ቀን ጠየቁ፤ ቀጥሎም ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ተመለከቱና ቀኑ ለቅዱስ ሎሬንሶ በዓል የቀረበ ሆኖ ቢያገኙት ሎሬንሶ ብለው ጻፉኝ። አባቴን አልጠየቁትም። አባቴም አልተቃወመም፤ ለእርሱ ትልቁ ነገር ልጁ በመዝገቡ መግባቱ እንጂ በምን ስም መግባቱ አልነበረምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤት ሎሬንሶ፣ በቤት ሮባ ሆኜ አደግሁ።

ጓደኛዬ በቀልድ የተናገረውን አሳብ ብዙ ሰዎች በቁም ነገር ይይዙታል። አሳቡ ሲጠቀለል «ስም ከየትኛው ሕዝብ ቋንቋ መጣ? ባለ ስሙም ልቡ ወደዚያው ያደላል» የሚል ነው። ይህን አሳብ በሦስት መንገድ ልመረምረው እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ ስሙ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎ ኢጣልያኖች ራሳቸው በታላቁ ልብ ወለዳቸው ውስጥ ምን እንዳደረጉበት፣ በመጨረሻም በእኛ አገር ማን እንደ ተሸከመውና ምን እንደ ሠራበት እንመለከታለን።

የስሙ መነሻ

ሎሬንሶ ላውሬንቲዩስ የሚለው የላቲን ስም በኢጣልያኖች አፍ የተለወጠበት መልክ ነው። ላውሬንቲዩስ ማለት የላውሬንቱም ሰው ማለት ሲሆን፣ ላውሬንቱም በሮም አቅራቢያ ላቲዩም በሚባለው አገር የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ሮማዊው ባለ ቅኔ ቪርጂል ኤኔይድ በተባለው ድርሰቱ በ7ኛው መጽሐፍ፣ የከተማይቱ ስም በንጉሥ ላቲኑስ ግቢ ከተገኘ ላውሩስ ከሚባል ዛፍ የመጣ መሆኑን ይተርካል። ላውሩስ ቅጠሉ የማይረግፍና መዓዛ ያለው ዛፍ ነው፤ የድል አድራጊዎች አክሊል ከእርሱ ቅጠል ይጐነጐን ነበር። እንግዲህ ስሙ ከመነሻው የመንግሥት ወይም የዘር ስም አልነበረም፤ የመንደር ስም ነበረ። «የላውሬንቱም ሰው» ማለት በእኛ አነጋገር «የዲክሲስ ልጅ» እንደ ማለት ነው።

ስሙን በዓለም ያሰራጨው ግን ዛፉም ከተማይቱም አይደሉም፤ አንድ ዲያቆን ነው። ቅዱስ ላውሬንቲዩስ የሮም ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌሪያን ክርስቲያኖችን ባሳደደበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ258 ተገደለ። በትውፊት እንደሚነገረው ሹሙ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሀብት እንዲያስረክብ ባዘዘው ጊዜ፣ ድኾችንና አካለ ስንኩላንን ሰብስቦ አቀረበና የቤተ ክርስቲያን ሀብት እነዚህ ናቸው አለ፤ ስለዚህም በእሳት በጋለ የብረት ፍርግርግ ላይ ተቃጥሎ ሞተ ይባላል። በዓሉ በምዕራባውያን ዘንድ ኦገስት 10 ይከበራል፤ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 4 ቀን ነው።

በኢጣልያ ይህ ወቅት የበጋ ወቅት ነው። ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለሚሆን በዚያ ሰሞን የሚታዩትን ተወርዋሪ ኮከቦች ሕዝቡ የቅዱስ ሎሬንሶ እንባ ይላቸዋል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፐርሴይድ የሚሏቸው እነዚህ ኮከቦች፣ ምድር ስዊፍት ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ ትቶት በሄደው ትቢያ ውስጥ ስታልፍ ትቢያው በአየር ውስጥ እየነደደ የሚታይ ብርሃን ናቸው። በዲክሲስ ግን በነሐሴ 4 ሌሊት ኮከብ ለማየት ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ልብሱን አርሶ ይመለሳል። ያው ሰሞን ለእነርሱ የኮከብ እንባ፣ ለእኛ ዝናብ ያወርዳል። ስለዚህ ሎሬንሶና ሮባ የአንድ ሰሞን ሁለት ስሞች ናቸው ለማለት እደፍራለሁ፤ ጕድለቱ ስም አውጪዎቹ ሳይነጋገሩ መቅረታቸው ነው።

ስሙ ከሮም ከወጣ በኋላ በየአገሩ የየአገሩን ልብስ ለበሰ። ፈረንሳዮች ሎራን፣ እንግሊዞች ሎሬንስ፣ ጀርመኖች ሎሬንትስ አሉት፤ ስፔኖች ደግሞ በጽሕፈት ልክ እንደ ኢጣልያኖቹ አድርገው ይጽፉታል። በኢጣልያም ቢሆን የአንድ ወገን ስም ሆኖ አልቀረም። የፍሎረንስ ገዥ የነበረውና ታላቁ የተባለው ሎሬንሶ ዴ ሜዲቺ (1449–1492 እ.ኤ.አ.) በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ባለፈው ምዕት ዓመትም ባርቢያና በተባለች የተራራ መንደር የገበሬ ልጆችን ያስተማሩት ቄስ ዶን ሎሬንሶ ሚላኒ (1923–1967 እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ስም ይዘው ኖረዋል። የእኒህ ቄስ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ለአንዲት አስተማሪ በተጻፈ ደብዳቤ መልክ ባወጡት መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት የድኻውን ልጅ እየጣለ የሀብታሙን ልጅ እንደሚያሳልፍ በብርቱ ወቅሰዋል። ስም ጠባይን የሚወስን ቢሆን ኖሮ፣ ገዥውና የድኾች አስተማሪው በአንድ ስም ባልተጠሩ ነበር።

ስለ ድምፁም አንድ ቃል ልጨምር። ኢጣልያኖች በስሙ ውስጥ ያለችውን ፊደል ት እና ስ ተጋጥመው እንደሚሰሙ አድርገው ያነቧታል። ለዚህ ድምፅ ከአማርኛ ፊደል የሚቀርበው ጸ ቢሆንም፣ ጸ ጠንክሮ የሚፈነዳ ስለ ሆነ የአገራችን ጆሮ ወደ ሰ ወስዶታል፤ በእንግሊዝኛ የተማረው ደግሞ ዞ ይለዋል። በእኔ ወረቀቶች ላይ ሦስቱም ይገኛሉ። በልደት ወረቀቴ ሎሬንሶ፣ በ8ኛ ክፍል ፈተናዬ ሎሬንዞ፣ በአንድ የምስክር ወረቀቴ ላይም ሎሬንጾ ተብያለሁ። አንድ ፊደል በመለወጡ ምክንያት ሦስቱም ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ሁለት ቀን ከቢሮ ወደ ቢሮ ተመላልሻለሁ። ስም በሰው አፍ ላይ ሲሆን ይለሰልሳል፤ በመዝገብ ላይ ሲሆን ግን ይደነድናል። ይህ ነገር ቀጥሎ ወደምንመለከተው መጽሐፍ ያደርሰናል።

የማንዞኒ ሎሬንሶ

የኢጣልያ ሕዝብ እንደ አገሩ ታላቅ ልብ ወለድ የሚቈጥረው፣ በትምህርት ቤቶቹም ለረጅም ዘመን ሲያስነብበው የኖረው የአሌሳንድሮ ማንዞኒን መጽሐፍ ነው፤ ርእሱ በአማርኛ «እጮኛሞቹ» ሊባል ይችላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1827 ሲሆን፣ ደራሲው ቋንቋውን ወደ ፍሎረንስ አነጋገር አቃንቶ ከ1840 እስከ 1842 እንደ ገና አሳትሞታል። ታሪኩ የሚፈጸመው ከ1628 እስከ 1630 በሎምባርዲያ ነው። በዚያ ዘመን ሚላኖ በስፔን ትገዛ ነበር፤ ማንዞኒ መጽሐፉን ባሳተመበት ዘመንም ሎምባርዲያ በኦስትሪያ ሥር ነበረች። ይህን ማስታወስ ይገባል። የኢጣልያ ታላቁ ልብ ወለድ የተጻፈው የባዕድ አገዛዝን ቀንበር በሚያውቅ ሰው ነው።

ባለ ታሪኩ ሎሬንሶ ትራማሊኖ ይባላል፤ የመንደሩ ሰው ግን አሳጥሮ ሬንሶ ይለዋል። ወላጆቹ የሞቱበት፣ በሐር ሥራ የሚተዳደር የገጠር ጎበዝ ነው። ሉቺያ የተባለች እጮኛውን ሊያገባ በተዘጋጀበት ቀን ዋዜማ፣ ዶን ሮድሪጎ የሚባል ባላባት ሎሌዎቹን ልኮ ቄሱን ያስፈራራና ሰርጉን ያስቀራል። ሬንሶ ሸሽቶ ሚላኖ ሲገባ ሕዝቡ በዳቦ እጦት ተነሥቶ ያገኘዋል።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ መቅሠፍቱ፣ ስለ ቄሱ ፍርሃትና ስለ ሉቺያ ትዕግሥት ያወሳሉ። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ልብ ያለው በ14ኛውና በ15ኛው ምዕራፍ ነው፤ ነገሩም የስም ነገር ነው። ሬንሶ ወደ አንድ መጠጥ ቤት ይገባል። ባለ ቤቱ ወረቀትና ብዕር አምጥቶ ስሙንና አገሩን ይጠይቀዋል፤ የእንግዳ ሁሉ ስም ይመዝገብ የሚል የገዥው አዋጅ አለና። ሬንሶ እምቢ ይላል። አዋጁ ከነማኅተሙ ቢታየውም አይበገርም። እንዲያውም ብዕር ሁልጊዜ በጌቶች እጅ መሆኑን፣ የጌቶች ቃል በነፋስ እንደሚበን፣ የድኻው ቃል ግን በወረቀት ላይ ተቸንክሮ እንደሚቈይ ያማርራል። ይህን የሚናገረው ፊደል በደንብ የማያነብ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለ መዝገብ ከእርሱ የተሻለ የተናገረ ሰው አላነበብሁም።

በአዋጅ ያላወጣውን ስም በወዳጅነት አወጣው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የፖሊስ ሰላይ ነበር። ሰላዩ ለየሰዉ ቤተ ሰብ ልክ ዳቦ የሚታደልበት ወረቀት ቢጻፍ መልካም ነው ብሎ ጨዋታ ያነሣና፣ ለምሳሌ ያህል ስሜ አምብሮጆ ፉሴላ ነው በማለት የሐሰት ስም ይናገራል፤ ያንተስ ብሎም ይጠይቀዋል። ሬንሶ ሳያስበው ሎሬንሶ ትራማሊኖ ይላል። በማግሥቱ ሲነጋ የሕግ ሹም ከሁለት ወታደሮች ጋራ አልጋው አጠገብ ቆሞ በሙሉ ስሙ ይጠራዋል። ሬንሶ የሚያውቁት ሰዎች ሬንሶ ሲሉት ኖረዋል፤ በዚያ ጧት ሎሬንሶ ብሎ የጠራው ግን አሳሪው ነው። በሕዝቡ ርዳታ አምልጦ ወደ ቤርጋሞ አገር ከገባ በኋላም አንቶኒዮ ሪቮልታ በሚል የተሸሸገ ስም ይኖራል።

ማንዞኒ በዚህ ስፍራ የሚያሳየን ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ስም በወዳጅ አፍ ፍቅር፣ በሰላይ አፍ ወጥመድ፣ በሹም አፍ ሰንሰለት ይሆናል። ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚጠራው ሰው ሥልጣን ነው።

ሆኖም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አንድ ጕድለት ይታየኛል። ዶን ሮድሪጎ በመቅሠፍቱ ከሞተ በኋላ ወራሹ የሆነው መኰንን ደግ ሰው ሆኖ ይመጣል። በሬንሶ ላይ የወጣው የመያዣ ትእዛዝ የሚነሣለት በዚህ መኰንን አማላጅነት ነው። ማንዞኒ በሰርጉ ግብዣ ላይ መኰንኑ ሙሽሮቹን በትሕትና ካስተናገደ በኋላ እርሱ ከቄሱ ጋራ ለብቻው ወደ ሌላ ማዕድ እንደ ሄደ ስለሚነግረን፣ የጌቶች ቸርነት ወሰን እንዳለው አላጣውም። ነገር ግን ሬንሶ ስሙን ያገኘው በመብቱ ሳይሆን በጌታ ቸርነት መሆኑን በዝምታ አልፎታል። ሎሬንሶ ትራማሊኖ የሚለውን ስም ከመዝገብ ላይ ማንሣት ለምን የመኰንን ስጦታ ሆነ? በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ብዕርና ስለ ጌቶች ያን የመሰለ ቃል የተናገረው ሰው፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ብዕሩ ዛሬም በጌቶች እጅ መሆኑን አያነሣም። ደራሲው በሰርጉ ደስታ የጥያቄውን አፍ ዘግቶታል ብዬ አምናለሁ። እርሱ የተወውን ጥያቄ እኛ አገር እናገኘዋለን።

ስሙ በኢትዮጵያ

ከሮም የመጣ ስም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጥልያን ጦር ጋራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ማርቆስና ጳውሎስ የላቲን ስሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1711 እስከ 1716 በጎንደር የነገሡት ዐፄ ዮስጦስም በላቲን ጻድቅ ማለት በሆነ ስም ይጠሩ ነበር። እነዚህን ስሞች ቤተ ክርስቲያን በግሪክና በግዕዝ በኩል ስላስገባቻቸው ማንም ባዕድ አይላቸውም።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አለ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባው የኢጣልያ ማርሻል ባዶሊዮ ስሙ ፒዬትሮ ነው። ከዚያ አስቀድሞም በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ላይ ከራስ መኰንን ጦር ጋራ ተዋግቶ የወደቀው ሻለቃ ቶዜሊ ፒዬትሮ ይባል ነበር። ፒዬትሮ ማለት ጴጥሮስ ነው። ባዶሊዮ በገባ በሦስተኛው ወር፣ በሐምሌ 1928 ዓ.ም.፣ ለወራሪው አልገዛም ብለው በጥይት የተደበደቡት አባት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ወራሪውና ሰማዕቱ አንድ ስም ነበራቸው። መልአክ ስም የሚያወጣ ቢሆን ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስም ምን ብሎ አወጣ?

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሎሬንሶ እንመለስ። ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታዕዛዝ እ.ኤ.አ. በ1900 በኤርትራ በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። አገሩ በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረ በዚያው አገዛዝ ውስጥ አደጉ፤ በኋላ ግን ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩና በፈረንሳይ አገር ሕግ ተማሩ። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ከስደተኛው መንግሥት ጋራ ሆነው በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ወኪል ሆነው ሠሩ። በወረራው ዘመንም ከሱዳን በኩል በድብቅ ወደ አገር ውስጥ ገብተው የአርበኞቹን ሁኔታ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ አስታወቁ። ከነጻነት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለው እ.ኤ.አ. በ1946 ዐረፉ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ኢጣልያ በጄኔቭ የኢትዮጵያን ጕዳይ ለማዳፈን በምትሠራበት ጊዜ፣ ከኢትዮጵያ ወገን ቆሞ ይከራከራት የነበረው ሰው ስም ሎሬንሶ ነበር። የኢጣልያ መልእክተኞች ስሙን ሲሰሙ የራሳቸው ስም ይመስላቸው ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታዕዛዝ የሚለው የአባት ስም ግን ከየት እንደ መጣ ይነግራቸው ነበር። ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ስማቸውን ቢለውጡ ኖሮ ምናልባት አገር ወዳድነታቸው ይደነቅላቸው ነበር። ሳይለውጡት መሥራታቸው ግን የበለጠ ነገር አስተምሮናል፤ ስም የባለ ስሙ ነው፤ የሚከብረውም የሚዋረደውም በባለ ስሙ ሥራ ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከኳስ ሜዳ እወስዳለሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም ዐብሮት ተሰልፏል። ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአሥመራ ልጆች ናቸው። ከአራቱ ጎሎች አንዱን ሉቺያኖ፣ አንዱን ኢታሎ አገቡ፤ የቀሩትን ግርማ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ኢታሎ የሚለው ስም ኢጣልያ ስሟን ወስዳለታለች ከሚባልለት ከጥንቱ ንጉሥ ከኢታሉስ የመጣ ነው። ስሙ ራሱ ኢጣልያ የሆነ ሰው፣ ነጻነት ከተመለሰ ከ21 ዓመት በኋላ፣ ለኢትዮጵያ ጎል ሲያገባ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ስሙን አልጠየቀም። ጮኸለት።

የመዝገቡ ነገር

እስካሁን የተናገርሁት ለጓደኛዬ መልስ የሚሆን ይመስለኛል። ነገር ግን በዚህ ብቻ ብጨርስ እንደ ማንዞኒ በሰርግ መጨረሴ ነው። አንድ አስተዋይ አንባቢ «ስሙ ንጹሕ ከሆነ፣ ታዲያ ስትጻፍ ለምን ቅር አለህ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያስቀይመኝ ሎሬንሶ መባሌ አይደለም፤ ሎሬንሶ ሲጻፍ ሮባ መሰረዙ ነው፤ ይህም ሲደረግ ያስጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

በዚህ ረገድ የሚሲዮኑን መዝገብ ብቻ መውቀስ አድልዎ ይሆናል። በአርሲ፣ እንደ ሌላውም የኦሮሞ አገር፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የአማርኛ ስም ተሰጥቷቸው የኦሮምኛ ስማቸው በቤት ቀርቷል። ፈይሳ፣ ገለታ፣ ኢብሳ የመሳሰሉት ስሞች ትርጕም የሌላቸው ይመስል ነበር። ኢብሳ ብርሃን ማለት ነው፤ ሉቺያኖ የሚለውም ስም ሥሩ ብርሃን ከሚለው የላቲን ቃል ጋራ ይገናኛል። በኢጣልያ ስም የሚሥቀው ሰው፣ አያቱ ወይም የአያቱ ጎረቤት የሌላውን ልጅ ስም በመዝገብ ላይ ለውጦ እንደ ሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። የስም ባዕድነት የሚለካው በቋንቋው ርቀት ብቻ ከሆነ፣ ሮምም ሸዋም ለአንዲት የዲክሲስ አያት እኩል ሊርቁ ይችላሉ።

ፊደሉንም እንመልከት። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። ዛሬ በዲክሲስ ትምህርት ቤት ሮባ የሚለው ስም የሚጻፈው ላውሬንቲዩስ በተጻፈበት በሮም ፊደል ነው። ሮባ ስለዚህ ሮማዊ ሆነ የሚል ሰው ግን አልሰማሁም። ፊደሉን ሕዝቡ ወድዶ ስለ ተቀበለው የራሱ ሆኖለታል። ወድዶ በመቀበልና ሳይጠየቅ በመጻፍ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

በአገራችን ልማድ ደግሞ ሁለት ስም መያዝ ነውር ሆኖ አያውቅም። ክርስቲያኑ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተፈሪም ኃይለ ሥላሴም ነበሩ። በዚህ ላይ አባ ጠቅል የሚል የፈረስ ስም ነበራቸው። እናት ልጇን በቤት ስም ትጠራለች፤ ሰፈሩ ደግሞ የራሱን ያወጣል። ሦስት አራት ስም በአንድ ሰው ላይ ተስማምቶ ይኖራል። አንድ ስም ብቻ የሚፈልገው መዝገብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በስሙና በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ሕዝቡ ያልተቀበለው ስም በሕግም ቢሆን ሥር እንደማይሰድ ከዚህ እንማራለን።

እኔም አንድ ቀን ሁለቱን ስሞቼን ዐብሬ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ሮባ ሎሬንሶ ብዬ በወረቀት ላይ ጻፍሁና አየሁት። በእኛ ሥርዓት ሁለተኛው ስም የአባት ስለ ሆነ፣ እንዲህ ብጽፍ የሎሬንሶ ልጅ ሮባ ማለት ይሆናል፤ እኔው የራሴ አባት ልሆን ነው። አባቴ ይህን ቢሰማ ይሥቅ ነበር፤ ነገር ግን ቅጹ ለሌላ አጻጻፍ ስፍራ የለውም።

በዕረፍት ጊዜ ዲክሲስ በሄድሁ ጊዜ ፍርድ ቤት አመልክቼ ሎሬንሶ የሚለውን ላሰርዝ ወይ ብዬ አያቴን ጠየቅኋት። እሳቱን እየቈሰቈሰች ጥቂት ዝም አለችና «ሁለት ላም ያለው ሰው አንዷን ለማክበር ሌላዋን አያርድም» አለችኝ። ቀጥላም «በዚያ ስም ተምረህበት የለም ወይ? ተወው ይኑር። የእኔን ግን ለምን አልጻፉትም?» አለች። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዋ መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም።

ስለዚህ ስሜን አላሰርዝም። ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታዕዛዝ አገራቸውን ያገለገሉበት፣ ድኾችን ሀብታችን ናቸው ያለ ዲያቆን የተጠራበት፣ ሬንሶ ለአዋጅ አልናገረውም ያለው ስም የሚያሳፍር ስም አይደለም። ለኮሌጃችን ሬጅስትራርና ለትምህርት ቤቶች ግን አንድ ትንሽ አሳብ አቀርባለሁ። ልጅ ሲመዘገብ በቅጹ ላይ ለቤት ስም አንድ መስመር ይጨመር፤ ከዚያም በፊት ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ ልጁን ላመጣው ሰው «ማን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ገንዘብ የማያስወጣ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ መምህሮቼና ጓደኞቼ እንዲያርሙኝ እለምናለሁ። በተለይ በመኝታ ክፍላችን የተከራከረኝ ጓደኛዬ መልስ ቢኖረው በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ እጋብዘዋለሁ፤ ሲጽፍም በሎሬንሶም በሮባም ቢጠራኝ አቤት እላለሁ።